የጎረቤት ድምፅ ልክ ሲያልፍ፦ የጋራ ሕንፃ ማኅበር ምን ማድረግ ይችላል?

በአዲስ አበባ ዳር ባሉት በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በኮዬ ፈጬም ሆነ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የበዓል ማግስት ከሚያስነሣቸው ክርክሮች አንዱ የድምፅ ጉዳይ ነው። አንዱ «ሌሊቱን ሙሉ አላስተኙንም፤ ኮሚቴው ምን ይሠራል?» ይላል። ሌላው «በገዛ ቤቴ ማን ከልካይ አለኝ?» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ለፖሊስ መደወል ነበር ባይ ነው፤ አራተኛው ደግሞ ውሃቸው ይቆረጥ የሚል ሐሳብ ያቀርባል። ነገሩ በሁለት ቀን ይበርድና በሚቀጥለው ሠርግ ወይም ልደት ካቆመበት ይቀጥላል።

ክርክሩ የሚደጋገመው ተከራካሪዎቹ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ቀላቅለው ስለሚያነሡ ነው። ሕንፃው ድምፅን የሚያስተላልፈው እንዴት ነው? ሕጉ ከልክ ያለፈ የሚለው የትኛውን ድምፅ ነው? የቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚባለው አካልስ ሥልጣኑ እስከ የት ይደርሳል? ብዙ ሰው ከማኅበሩ የሚጠብቀው ቅጣት ነው። የማኅበሩ እውነተኛ አቅም ግን አባላቱ ፈርመው በማያነቡት የውስጥ ደንብ ውስጥ መሆኑን ከታች እንመለከታለን።

ሕንፃው ራሱ የጠቡ ተካፋይ ነው

ከጎረቤት የሚመጣ ድምፅ በሁለት መንገድ ይደርሳል። አንደኛው በአየር የሚጓዘው ነው፤ ንግግር፣ ቴሌቪዥን፣ ሙዚቃ፣ የውሻ ጩኸት። ሁለተኛው አንድ ነገር ወለልን ወይም ግድግዳን ሲመታ የሚፈጠረውና በኮንክሪቱ ውስጥ የሚጓዘው ነው። የጫማ ተረከዝ፣ የሚጎተት ወንበር፣ ኳስ የሚያነጥር ሕፃን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሙቀጫና ዘነዘና የዚህኛው ወገን ናቸው። መፍትሔያቸው ስለሚለያይ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል።

በአየር የሚመጣን ድምፅ የሚያግደው የግድግዳ ክብደት ነው። ግድግዳው በከበደ መጠን ድምፁ ይቀንሳል፤ ሆኖም ክብደቱን እጥፍ ማድረግ የሚያስገኘው ቅናሽ ስድስት ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ገደማ ብቻ ነው። የጋራ ሕንፃዎቻችን ግድግዳ በአብዛኛው ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው። በአንዳንድ ሳይቶች ለክፍልፋይ የዋለው አግሮስቶን የሚባል ከእርሻ ተረፈ ምርት የሚሠራ የግድግዳ ሰሌዳ ደግሞ ከብሎኬትም የቀለለ ነው። በዚህ ላይ ልስን ያልደረሰበት ስፌት፣ በሁለት ቤቶች መካከል ጀርባ ለጀርባ የተገጠመ ሶኬት፣ በቧንቧ ዙሪያ የቀረ ክፍተት ካለ ድምፁ ግድግዳውን ማለፍ ሳያስፈልገው በቀዳዳው ይገባል። የሙዚቃ ወፍራም ድምፅ፣ ማለትም የከበሮውና የቤዙ ክፍል፣ ከቀጭኑ ይልቅ ግድግዳን በቀላሉ ያልፋል። ጎረቤት የዘፈኑን ግጥም ሳይሰማ ምቱ ብቻ ደረቱን የሚመታው ለዚህ ነው። «ድምፁ እኮ ከቤቴ እንኳ አይወጣም» የሚለው ባለቤትም ብዙ ጊዜ እየዋሸ አይደለም፤ እሱ የሚሰማውና ከታች ያለው የሚሰማው አንድ ዓይነት አይደለም።

በግጭት የሚፈጠረውን ድምፅ ግን የግድግዳም ሆነ የወለል ክብደት ብዙ አያግደውም። ወለሉ ኮንክሪት፣ ከላዩ ሴራሚክ ከሆነ ምቱ በቀጥታ ወደ ታችኛው ቤት ጣሪያ ይወርዳል። የሚረዳው ለስላሳ ነገር በመሐል ማስገባት ነው። በሙቀጫ ሥር የተጣጠፈ ጆንያ ወይም የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ማድረግ፣ የወንበር እግርን ጎማ ማልበስ፣ የድምፅ ማጉያን ከግድግዳ አርቆ ከወለልም አንሥቶ ማስቀመጥ ከአንድ ወር ስብሰባ የተሻለ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ይህ ቀላል ነገር የሚዘነጋው ጠቡ ቶሎ ወደ «ያለ አስተዳደግ» ክስ ስለሚሸጋገር ነው። ከላይ ያለችው እናት ቡና ስትወቅጥ ከታች ያለው ሰው ራሱ ላይ የተወቀጠ መስሎት ይናደዳል፤ እሷ ደግሞ ቡና መውቀጥ ወንጀል ሆኖ መቆጠሩ ይገርማታል። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ወለሉ ግን ማንንም አላማከረም።

ሌላው ሕንፃ ወለድ ምክንያት የማጠናቀቂያ ሥራ ነው። ብዙ ቤቶች ለባለዕድለኞች የተላለፉት ሴራሚክ፣ ቀለም፣ የውስጥ በርና ቁም ሣጥን ሳይኖራቸው ነው። እያንዳንዱ ባለቤት ገንዘብ ሲያገኝ ይጨርሳል። አንዱ በገባበት ዓመት፣ ሌላው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ውጭ አገር ያለው ደግሞ ለዕረፍት ሲመጣ ያሠራል። ስለዚህ የሴራሚክ መቁረጫው ግራይንደር በአንድ ሕንፃ ውስጥ ለዓመታት ሳይቋረጥ ሊጮኽ ይችላል። ግራይንደር በቅርብ ርቀት ከ90 ዴሲቤል በላይ ድምፅ ያወጣል። ባለቤቱን መውቀስ አይቻልም፤ ቤቱን ሳይጨርስ ሊገባበት አይችልም። ሰዓቱን ግን መወሰን ይቻላል።

ከከተማው ዳር ሌሊቱ ለምን ይበረታል?

መሀል ከተማ የለመደ ሰው ወደ ዳር ሲወጣ ጸጥታ ይጠብቃል። ጸጥታውን ያገኛል፤ ችግሩም ከዚያው ይጀምራል። ሜክሲኮ ወይም መገናኛ አካባቢ የመኪናው ድምፅ ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል። በኮዬ ፈጬ ግን ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የሚሸፍን ነገር ስለሌለ አንድ የድምፅ ማጉያ ብዙ ብሎኮች ተሻግሮ ይሰማል። ፊት ለፊት የተደረደሩት ሕንፃዎችም ድምፁን እየመለሱ በመካከላቸው ባለው ግቢ ውስጥ ያዘገዩታል።

የአየሩም ጠባይ አለበት። ሰማዩ በጠራበት የበጋ ሌሊት መሬት ሙቀቷን ፈጥና ስለምትለቅ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከላይኛው ይልቅ ይቀዘቅዛል። ድምፅ በሞቃት አየር ፈጥኖ፣ በቀዝቃዛ አየር ዘግይቶ ስለሚጓዝ ወደ ላይ የተነሣው ድምፅ ተጎንብሶ ወደ መሬት ይመለሳልና ቀን ከሚደርስበት ርቆ ይሰማል። እንዲህ ያሉት ቀዝቃዛና ጥርት ያሉ ሌሊቶች የሚበዙት ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። በክረምት ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ብዙ ነገር ይሸፍን የነበረ ሲሆን በጥር ግን ድንኳኑም ሰማዩም ክፍት ናቸው።

በመጨረሻ የኑሮው ሰዓት አለ። ከቦሌ አራብሳ ወይም ከቱሉ ዲምቱ መሀል ከተማ ለሚሠራ ሰው ቀኑ የሚጀምረው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ አውቶቡስ ሰልፍ አለ። ያ ሰው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ መተኛት ይፈልጋል። በአንጻሩ የአይሱዙ ወይም የሚኒባስ ሹፌር የሆነው ጎረቤቱ ሞተሩን በመስኮት ሥር የሚያሞቀው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። ሁለቱም ለእንጀራቸው ነው። (ጅብ በየሌሊቱ ቢጮኽ ማንም ለኮሚቴ ደብዳቤ አይጽፍም፤ የሰው ድምፅ የሚያናድደው መቆም እየቻለ ባለመቆሙ ነው።)

ማኅበሩ ምንድን ነው?

«ማኅበር» የሚለው ቃል በቤት ጉዳይ ላይ ቢያንስ ለሦስት ነገር ስለሚያገለግል ንግግሩ ይምታታል። የቤት ሥራ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሰዎች ቤት ለመገንባት የሚያቋቁሙት ሲሆን የሚመራው በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። ዕድር የመረዳጃ ማኅበር ነው። የጋራ ሕንፃ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ግን የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የፈጠረው፣ የጋራ መጠቀሚያዎችን የሚያስተዳድር፣ ሲመዘገብም ሕጋዊ ሰውነት የሚያገኝ አካል ነው። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው፣ የውሃ ማጠራቀሚያው፣ የመኪና ማቆሚያው የባለቤቶቹ የጋራ ሀብት በመሆኑ አንድ የሚያስተዳድረው ያስፈልጋል። መተዳደሪያ ደንብና የውስጥ ደንብ ያወጣል፣ የጋራ ወጪ ይሰበስባል፣ በስሙ ይከሳል፣ ይከሰሳል። በየብሎኩ የምናውቀው ኮሚቴ ሁሉ ግን ይህን ደረጃ አላገኘም፤ ምዝገባውን ያልጨረሰ ኮሚቴ የጎረቤቶች ስምምነት እንጂ ሕጋዊ አካል አይደለም፤ ደብዳቤው ላይ ማኅተም ቢኖርም እንኳ።

ማኅበሩ ፖሊስ አይደለም፤ በር ሰብሮ አይገባም፤ ንብረት አይወርስም። ፍርድ ቤትም ስላልሆነ ካሳ አይወስንም። ብዙ ነዋሪዎች ከኮሚቴው ጋር የሚቀያየሙት ይህን ባለመለየት ነው። ኮሚቴውም በበኩሉ የሌለውን ሥልጣን ያለው አስመስሎ «እናስወጣሃለን» እያለ ሲያስፈራራ ይገኛል። ዛቻው አንዴ ባዶ መሆኑ ከታወቀ በኋላ የሚቀጥለውን ደብዳቤ የሚያነበው የለም።

አንድ ብዙም የማይነሣ ነገር ደግሞ አለ። በጋራ መኖሪያ ቤት ሳይቶች ውስጥ በተለምዶ «ኮሚናል» የሚባሉት የጋራ መገልገያ ሕንፃዎች የተሠሩት ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእርድ፣ ለድግስ ማብሰያ፣ ለመሰብሰቢያ እንዲሆኑ ነበር። ይኸውም ጫጫታው ከመኝታ ቤት ግድግዳ ተነጥሎ የራሱ ቦታ እንዲኖረው የታሰበ ነው። ማኅበሩ ለገቢ ሲል ያን ሕንፃ ለሱቅ፣ ለሕፃናት መዋያ ወይም ለመጠጥ ቤት ሲያከራየው ድግሱ ወደ መኪና ማቆሚያው፣ ማለትም ወደ መስኮቶች ሥር ይመጣል። የማኅበሩ ተከራይ ራሱ ጫጫታ ፈጣሪ ከሆነ ደግሞ ቅሬታ ተቀባዩና ኪራይ ተቀባዩ አንድ ሰው ይሆናል። ኮሚቴው ስለ ድምፅ ሲወቀስ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ኮሚናሉ ለማን ተከራየ?» የሚለው ይመስለኛል።

ተከራዩ የት ገባ?

የማኅበሩ አባል ባለቤቱ ነው። በዳር ሳይቶች ደግሞ በርካታ ቤቶች የተያዙት በተከራይ ነው፤ ባለቤቱ መሀል ከተማ ወይም ውጭ አገር ይኖራል። በስብሰባ የሚመርጠው ሰው ድምፁ አይረብሸውም፤ ድምፁ የሚረብሸው ሰው በስብሰባ አይመርጥም። ጫጫታ የሚያሰማውም ተከራይ ከሆነ ኮሚቴው ከእሱ ጋር ያለው ግንኙነት በባለቤቱ በኩል ብቻ የሚያልፍ ነው። ለባለቤቱ የተጻፈ ደብዳቤ ዱባይ ደርሶ እስኪመለስ ሠርጉ አልቆ ልጅ ይወለዳል።

እዚህ ላይ ዕድሩ ማኅበሩ የማይደርስበት ይደርሳል። ብዙ የጋራ ሕንፃ ዕድሮች ተከራይን በአባልነት ይቀበላሉ፤ ድንኳኑና ወንበሩም የሚገኘው ከዕድሩ ነው። ድንኳን የሚያውስ አካል ድምፅ ማጉያው ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ቢናገር ይሰማል። ይህ ሕጋዊ ኃይል ሳይሆን የመከባበር ኃይል ነው፤ ግን ይሠራል።

የሕጉ መንገድ በውሉ በኩል ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አድርጓል። ይህ ተከራይን ከድንገተኛ መፈናቀል ለመጠበቅ የታሰበ ነው። ለጎረቤት ግን ሌላ ትርጉም አለው፤ የሚረብሸው ተከራይ ውሉ እስኪያልቅ ሁለት ዓመት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ባለቤቱ ሲያከራይ የማኅበሩን የውስጥ ደንብ የውሉ አባሪ አድርጎ ማስፈረሙ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ያኔ ደንቡን መጣስ ውልን መጣስ ይሆናል፤ አከራዩም «እኔ ምን አገባኝ» ለማለት ይቸገራል።

ሕጉ ልክን የሚያውቀው በምንድን ነው?

ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች አሉ፤ አንዱ በቁጥር፣ ሌላው በጉርብትና።

የቁጥሩ መሠረት የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። ድምፅን ከብክለት ዓይነቶች አንዱ አድርጎ ደረጃ እንዲወጣለት ያዝዛል። በወጣው ደረጃ መሠረት በመኖሪያ አካባቢ የሚፈቀደው ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ለንግድ አካባቢ 65ና 55፣ ለኢንዱስትሪ አካባቢ 75ና 70 ነው። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ያለው ነው። የዴሲቤል አካሄድ እንደ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ አይደለም፤ በ10 ሲጨምር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ጆሮ ግን በግምት እጥፍ ሆኖ ይሰማዋል። በአንድ ሜትር ርቀት የሚደረግ መደበኛ ንግግር 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጥሩ እንቅልፍ በመኝታ ክፍል ውስጥ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲያዩ 45 ከቤት ውጭ ያለውን ድምፅ የሚመለከት መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ መስኮት በትንሹ ተከፍቶም ቢሆን ክፍሉ ውስጥ ሲደርስ ወደ 30 ይቀርባል።

የጉርብትናው መለኪያ ያለው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ነው። ባለቤት ጎረቤቱን እንዳይጎዳና እንዳያውክ ካዘዘ በኋላ ጭስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ድምፅንና ንቅናቄን ይጠቅሳል፤ ክልከላው የሚጀምረውም እነዚህ ከመልካም ጉርብትና ልክ ሲያልፉ ነው። ልኩ ሲመዘን የአካባቢው ልማድና የቦታው ሁኔታ ይታያል። «በገዛ ቤቴ» ለሚለው ክርክር መልሱ እዚህ አለ፤ የባለቤትነት መብቱ ራሱ ከጎረቤት ጋር ተያይዞ የተሰፋ ነው። «ትንሽ ድምፅ እንኳ መስማት አልፈልግም» ለሚለውም መልሱ እዚያው ነው፤ ሕጉ ፍጹም ጸጥታን አልሰጠም።

ይዞታው የታወከበት ሰው በቁጥር 1149 መሠረት ሁከት ይወገድልኝ ብሎ መክሰስ፣ ካሳም መጠየቅ ይችላል። ክሱ ሁከቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የወንጀል ሕጉም የሌሎችን ሥራና ዕረፍት ማወክን በደንብ መተላለፍ ክፍሉ ውስጥ ይዞታል፤ ፖሊስ መጥራት መሠረት የለውም የሚሉት ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው።

ልማድ በሌለበት የውስጥ ደንቡ ልማድ ይሆናል

እዚህ ላይ የነገሩ ቁልፍ አለ። የ1952ቱ ሕግ የአካባቢው ልማድ ይታይ ሲል ልማዱ የታወቀ ሰፈር አስቦ ነው። በካዛንቺስ ወይም በአራት ኪሎ አንድ ሰፈር ውስጥ ለአርባ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ድንኳን ስንት ቀን እንደሚቆም፣ ለቅሶ ቤት ጎን ራዲዮ እንደማይከፈት ማንም ሳይነግረው ያውቅ ነበር። የጋራ መኖሪያ ቤት ግን በዕጣ የተገናኙ ሰዎች መንደር ነው። ከመርካቶ የመጣውና ከክፍለ ሀገር የገባው፣ ሌሊት የሚጸልየውና ሌሊት የሚሠራው፣ በልማት ምክንያት ከቀድሞ ሰፈሩ የተነሣውና ከውጭ ቁጠባውን ልኮ የገዛው አንድ ደረጃ ይወጣሉ። የጋራ ልማዳቸው የቱ ነው? ዳኛውስ የትኛውን ይያዝ?

በጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀ የውስጥ ደንብ ይህን ባዶ ቦታ ይሞላል። የሴራሚክና የብሎኬት ሥራ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድ፣ እሑድ ይጨምር እንደሆነ፣ ድግስ ያለበት ሰው ከስንት ቀን በፊት ማስታወቂያ እንደሚለጥፍ፣ ድምፅ ማጉያ የሚጠፋበት ሰዓት፣ ጄኔሬተር የሚቀመጥበት ቦታ፣ ሙቀጫ የማይወቀጥበት ጊዜ በጽሑፍ ከሰፈረ «የመልካም ጉርብትና ልክ» የሚለው ሐረግ ይዘት ያገኛል። ደንቡ ማኅበሩን ፖሊስ አያደርገውም። ሆኖም ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ልኩን እዚህ ላይ አድርገውታል ለማለት ያስችላል። አንድ ሰው «ረበሸኝ» ብሎ ከሚያቀርበው ቅሬታ ይልቅ «ሁላችንም የተስማማንበትን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ተላለፈ» የሚለው ይከብዳል።

የብዙዎቹ ማኅበራት ችግር ደንቡ የሚገለበጠው ከአንድ ናሙና ላይ መሆኑ ነው። ስለ ድምፅ የሚያወራው «ነዋሪዎች ሌላውን ከሚያውክ ተግባር መቆጠብ አለባቸው» የሚል አንድ መስመር ይሆናል። ይህ መስመር ማንንም አያስቆጣም፤ ማንንም አይመልስም።

ተቃውሞ የለም ማለት አይደለም። ዝርዝር ደንብ ማኅበራዊ ኑሮን ያደርቃል፣ ሠርግና ለቅሶ በሰዓት ሊለካ አይገባም የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ለቅሶ በእርግጥም በሰዓት አይለካም፤ ደንቡም እንዲህ ያለውን ነገር በግልጽ ነጥሎ ሊተወው ይገባል። ሠርግ ግን ቀኑ ከወራት በፊት የሚታወቅ ነገር ነው። ለጎረቤት ቀድሞ መንገርና ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ማጉያውን ማጥፋት ደስታውን አይቀንስም። በአገሩ ባህል ጎረቤት ሳይጠራ ሠርግ አይደገስም ነበር፤ የተጠራ ጎረቤት ደግሞ ድምፁ በዛ ብሎ አይከስም።

ቅጣትና ውሃ መቁረጥ

የገንዘብ ቅጣት ፈጣን መስሎ ይታያል። ቅጣቱ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ በጠቅላላ ጉባኤ ካልጸደቀ ግን ኮሚቴው በስብሰባ ስለወሰነው ብቻ ሊያስከፍል አይችልም። ጸድቆም ቢሆን የተቀጣው ሰው አልከፍልም ካለ መጨረሻው ፍርድ ቤት ነው። ደንቡ ለሁሉም እኩል ካልተሠራበት ደግሞ፣ ለምሳሌ የሰብሳቢው ዘመድ ድግስ ሲታለፍ የሌላው ሲቀጣ፣ ክርክሩን የሚያሸንፈው የተቀጣው ይሆናል።

ውሃ ወይም መብራት መቁረጥ ከዚህ የከፋ ነው። በጋራ ማጠራቀሚያና በጋራ ፓምፕ የሚሠራ ሕንፃ ላይ ቧንቧ መዝጋት ለኮሚቴው የአንድ ደቂቃ ሥራ ስለሆነ ፈተናው ብዙ ነው። ነገር ግን ይዞታን ማወክ የሚከለክለው ያው ቁጥር 1149 ለተዘጋበትም ሰው ይሠራል። በድምፅ የታወከው ከሳሽ መሆን ሲገባው ማኅበሩ ተከሳሽ ሆኖ ይቆማል። በላዩ ላይ በዚያ ቤት ውስጥ ጫጫታው ውስጥ የሌሉበት ሕፃናትና አረጋውያን አሉ።

የድምፁ ዓይነት በር ይመርጣል

አቤቱታ የሚባክነው በአብዛኛው የተሳሳተ በር ስለሚንኳኳ ነው። ዛሬ ሌሊት ያለ ድግስ ዛሬ ሌሊት መቆም አለበት፤ ለዚህ የሚሆነው መጀመሪያ የብሎክ ተወካዩ ወይም የጥበቃ ሠራተኛው፣ ካልሆነ ፖሊስ ነው። ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ አጀንዳ ማስያዝ ለዛሬው እንቅልፍ አይጠቅምም።

በአንጻሩ በየቀኑ ያለ ድምፅ፣ ለምሳሌ ምድር ቤት ያለ የብየዳ ሥራ፣ የእንጨት ሥራ ወይም ግሮሰሪ፣ ለፖሊስ ብዙም አይመችም። ፖሊሱ ሲመጣ ይቀንሳል፤ ሲሄድ ይመለሳል። እዚህ ላይ የወረዳው ደንብ ማስከበርና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ይቀርባሉ። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ በመለኪያ መሣሪያ ሊለካው የሚችለው እንዲህ ያለውን ተደጋጋሚ ድምፅ ነው፤ ነጋዴውም ፈቃዱ ስላለ የሚፈራው ነገር አለው። ከቤተ እምነቶች የሚወጣ ድምፅም በማኅበሩ ሥልጣን ውስጥ አይደለም፤ በአስተዳዳሪዎቻቸው በኩል የሚደረግ ንግግር ካልሠራ የሚመለከተው ይኸው መሥሪያ ቤት ነው፤ የኮሚቴ ማስፈራሪያ ግን ነገሩን ወደማይፈለግ መንገድ ይመራዋል።

የማጠናቀቂያ ሥራ የሰዓት ጉዳይ ስለሆነ የማኅበሩ ድርሻ ነው። ሥራው ግድግዳ ማፍረስ ካለበት ግን የሕንፃ ሕጉ የግንባታ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያኔ ጥያቄው ከድምፅ አልፎ የሕንፃ ደኅንነት ይሆናል። የእግር ኮቴና የሙቀጫ ድምፅ ደግሞ የትም ቢሮ የሚፈታው አይደለም። ስፖንጅ፣ ምንጣፍ፣ ሁለት ሽማግሌዎች።

የትኛውም በር ቢሆን ማስረጃ ይፈልጋል። የስልክ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ትክክለኛነቱ ስለሚያጠራጥር ብቻውን ክርክር አይረታም። ከእሱ የሚሻለው ተራ ማስታወሻ ነው፦ ቀን፣ የጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ የድምፁ ዓይነት፣ የሰማ ሌላ ሰው። የሁለት ወይም የሦስት ቤት ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ለኮሚቴው ገብቶ ቅጂው ላይ የተቀበለበት ቀንና ማኅተም ሲያርፍበት የግል ቅሬታው የሰነድ መልክ ይይዛል። ኮሚቴው መልስ ባይሰጥም እንኳ ያ ቅጂ ለወረዳውም ለፍርድ ቤቱም ይጠቅማል፤ ሁከቱ መቼ እንደተፈጸመ ስለሚያሳይም የሁለት ዓመቱን ይርጋ ለመቁጠር ይረዳል።

ቪላ ሰፈሮችና የአስተዳደር ወሰን

በአያት፣ በሲኤምሲ ወይም በለገጣፎ ባሉ የሪል እስቴት ቪላ ሰፈሮች ግድግዳ ስለማይጋራ የሙቀጫ ጠብ የለም። እዚያ ያለው የውሻ፣ የጄኔሬተርና የግቢ ድግስ ጉዳይ ነው። ሥርዓቱ የሚመነጨውም ብዙ ጊዜ ከአልሚው ድርጅት ጋር ከተፈረመው የሽያጭና የአገልግሎት ውል ነው። ነዋሪው ማኅበር አለን ብሎ ያስባል፤ ውሉን ሲያነብ ግን ግቢውን የሚያስተዳድረው አሁንም ሻጩ ሆኖ ያገኘዋል። ከጎረቤት ጋር ከመጋጨት በፊት ያን ውል ማውጣት ይሻላል።

ለገጣፎ ለገዳዲ ከሌሎች የፊንፊኔ ዙሪያ ከተሞች ጋር ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ ደንብ ማስከበር እዚያ ሥልጣን የለውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉና የፌዴራል አዋጆቹ ግን በሁለቱም ወገን ይሠራሉ። ወሰን ላይ ባሉ ሳይቶች የሚኖር ሰው ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ቤቱ በየትኛው ወረዳ እንደተመዘገበ ቢያረጋግጥ የሁለት ወር መመላለስ ይቀንሳል።

ከዚህ በኋላ ምን ይጠበቃል?

የግራይንደሩ ዘመን ቤቶቹ በተጠናቀቁ ቁጥር ያልፋል። የምድር ቤት ንግድና የኪራይ ቤት ቁጥር ግን በዳር ሳይቶች ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች የሚሄድ አይመስልም። መንገድና ትራንስፖርት ሲደርስ ሱቁ ወደ ግሮሰሪ፣ ግሮሰሪው ወደ ምሽት ቤት ይለወጣል። ከአምስት ፎቅ ወደ አሥርና ከዚያም በላይ የሚያድጉት የ40/60 ሕንፃዎች ደግሞ በአንድ ደረጃ ላይ ብዙ አባወራ ያከማቻሉ፤ የሚመለከታቸው ሰው በዛ ማለት በጉባኤ መስማማት ከበደ ማለት ነው። በአንድ ሳይት ሁለት መቶ ባለቤቶች ተጠርተው ሠላሳ በሚገኙበት ሁኔታ የውስጥ ደንብ ማሻሻል ቀላል አይደለም፤ በውጭ ያሉት ባለቤቶች በሕጋዊ ውክልና እንዲሳተፉ አስቀድሞ ካልተሠራበት ምልዓተ ጉባኤው አይሞላም። ጊዜውም ወሳኝ ነው። የድምፅ አንቀጽ በጠብ ማግስት ሲቀርብ በአንድ ቤት ላይ የታለመ ይመስላልና ይወድቃል። ማንም ከማንም ጋር ባልተጣላበት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት በሐምሌ ወይም በነሐሴ ስብሰባ ቀርቦ ቢጸድቅ ለጥር ይደርሳል።